በሥዕል የምትነበብ ከተማ፤ ስለ አንጉሌምና ስለ ጎብኚዎች መምሪያ

እንግዳ ሰው ወደማያውቀው ከተማ በገባ ጊዜ አስቀድሞ የሚሻው መንገድ የሚያሳየው ሰው ነው፤ ሰው ያጣ እንደ ሆነ ግን መጽሐፍ ይገዛል። ስለዚህ የጎብኚ መምሪያ የሚባለው መጽሐፍ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ኀላፊነቱ ትንሽ አይደለም። ሊቃውንት የሚያዘጋጁትን ትልቁን የታሪክ መጽሐፍ የሚያነቡት ጥቂቶች ናቸው፤ መምሪያውን ግን ብዙ እንግዶች በእጃቸው ይዘው ይዞራሉ። እርሱ ያሳያቸውን ያያሉ፥ እርሱ ያለፈውን ያልፋሉ፤ ወደ አገራቸውም ተመልሰው ያችን ከተማ አየናት ብለው የሚያወሩት እርሱ ያሳያቸውን ያኽል ነው። እንዲህ ከሆነ መምሪያም እንደ ሌላው ድርሰት ሁሉ ሊመረመርና ሊተች ይገባዋል።

ለዚህ ምርመራ ከፈረንሳይ አገር ከተሞች አንጉሌምን የሚስተካከል አይገኝም። አንጉሌም ከፓሪስ በስተደቡብ ምዕራብ፥ ከሻራንት ወንዝ በላይ በቆመ አምባ ላይ የተሠራች፥ በጥንት ቅጥር የተከበበች፥ ከ40,000 ጥቂት የሚበልጥ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ናት። ስሟ በዓለም የታወቀው በሠራዊት ወይም በንግድ አይደለም፤ በካርቱን ነው። ፈረንሳዮች ባንድ ዴሲኔ የሚሉት፥ ታሪክን በተርታ በተሳሉ ሥዕሎች እየከፈለ፥ የሰዎቹን ቃል በአፋቸው አጠገብ በአረፋ ውስጥ እየጻፈ የሚተርከው ጥበብ ከ1974 ጀምሮ በዚያች ከተማ በየዓመቱ በክረምት ሲከበር ኖሯል። (ዓመታቱ ሌላ ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በ1990 የካርቱን ማእከል ተከፈተላት፤ በ2009 ሰፊ ቤተ መዘክር ተጨመረላት፤ ከ2008 ጀምሮም በፈረንሳይኛ የሚሠሩ ፊልሞች በዓል በየዓመቱ በነሐሴ ወር መጨረሻ ይደረግባታል። በ2019 ዩኔስኮ የሥነ ጽሑፍ ከተማ ብሎ ከመዘገባቸው ከተሞች ጋር ቈጠራት።

እንግዲህ ወደዚህች ከተማ ለሚመጣ ጎብኚ የሚታደለው መምሪያ ብዙውን ጊዜ በካርታ ላይ ቍጥር እየሰጠ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ የሚወስድ ወረቀት ነው። አንድ ቍጥር፥ አንድ ሥዕል፥ የሠዓሊው ስም፥ ከዚያም ሁለት መስመር ማብራሪያ ይሰጣል። እንደ መንገድ መሪ ሲመዘን ይህ አይነቀፍም፤ ማንም ጎብኚ አይጠፋበትም። እንደ ድርሰት ሲመዘን ግን ጉድለቱ ይታያል። ምክንያቱም የሚታየውን ሁሉ ሲያሳይ፥ የሚታየው ነገር ከየት እንደ መጣ አይናገርምና ነው። የአንጉሌም ቅርስ ደግሞ አመጣጡ ካልተነገረ በቀር ባለቀለም ግድግዳ ከመሆን አያልፍም።

መጀመሪያ ስለ ግድግዳዎቹ መናገር ይገባል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከሃያ የሚበልጡ የቤት ግድግዳዎች በታወቁ የካርቱን ሠዓሊዎች ሥራ ተሸፍነዋል። የማክስ ካባን «የቅጥሩ ልጃገረድ»፥ የኒኮላ ድ ክሬሲ «ኒው ዮርክ በሻራንት ዳር»፥ የይስሌር ሥራ ከእነዚህ መካከል ናቸው። የመንገድ ስም የሚጻፍባቸው ሰሌዳዎች እንኳ በንግግር አረፋ ቅርጽ የተሠሩ ስለ ሆነ፥ መንገደኛው ስም ሲያነብ ቤቱ ራሱ የተናገረ ይመስለዋል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ሳይነገሩ መቅረት የለባቸውም።

አንደኛው፥ እነዚህ ግድግዳዎች የሁለት እጅ ሥራዎች መሆናቸው ነው። ሠዓሊው ሥዕሉን በትንሽ ወረቀት ላይ ይነድፋል፤ ከሊዮን ከተማ የመጡ የግድግዳ ሥዕል ባለሙያዎች ደግሞ ያንን ንድፍ አባዝተው፥ መስኮቱን፥ የቱቦውን መሥመርና የግድግዳውን ስንጥቅ እያዩ በትልቁ ያሰፍሩታል። በወረቀት ላይ የፀጉር ያኽል የነበረው መስመር በግድግዳው ላይ የክንድ ስፋት ይሆናል። ይህን ሥራ የሠራው ሰው ጥበብ ከነዳፊው ጥበብ የተለየ ነው፤ በመምሪያው ላይ የሚጻፈው ግን የነዳፊው ስም ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛውና የሚከብደው፥ ግድግዳ የካርቱንን ባሕርይ የማይገልጽ መሆኑ ነው። የካርቱን ነፍሱ ተርታው ነው። አንዱ ክፍል ሌላውን ይጠራል፤ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ባለው ባዶ ቦታ አንባቢው ያልተሳለውን በአእምሮው ይሞላል። በአንድ ክፍል እጅ ተነሥቶ በሚቀጥለው ክፍል ሰው ወድቆ ቢታይ፥ የመታውን ምት ያየው የአንባቢው ልብ ነው እንጂ ሠዓሊው አልሳለውም። ግድግዳው ግን አንድ ክፍል ብቻ ነው። ከብዙ ገጽ መካከል አንዱን ነጥሎ እንደ መስቀል፥ ከዜማ አንዱን ድምፅ ነጥሎ እንደ ማሰማት ነው። ከተማይቱን በእነዚህ ግድግዳዎች ብቻ ያየ ሰው ካርቱን ማለት ትልቅና የሚያስቅ ሥዕል ነው ብሎ ይሄዳል። መምሪያው ጎብኚውን ከግድግዳዎቹ ቀጥሎ ወደ ወንዙ ዳር ወደ ቤተ መዘክሩ ቢያወርደው ይህ ስሕተት ይታረም ነበር፤ በዚያ የሚታዩት በቀለምና በብዕር የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ገጾች ናቸውና። ሠዓሊው የሰረዘው፥ በነጭ ቀለም የሸፈነው፥ በእርሳስ ጀምሮ የተወው ሁሉ በእነርሱ ላይ ይታያል። ብርሃን ወረቀትን ስለሚጎዳም ገጾቹ በየጊዜው ወርደው በሌሎች ይተካሉ።

በተርታ በተደረደረ ሥዕል ታሪክን መንገር ግን በ1974 አልተጀመረም፤ በዚያች ከተማ እንኳ አልተጀመረም። ማስረጃው በአምባው ላይ ቆሟል። በ12ኛው መቶ ዓመት የተሠራው የቅዱስ ጴጥሮስ ካቴድራል የፊት ግንብ ከላይ እስከ ታች በተቀረጹ ምስሎች የተሞላ ነው። ጌታ በክብሩ፥ በአራቱ ወንጌላውያን እንስሳት ተከቦ በላይ ይታያል፤ በሥሩ መላእክት፥ ሐዋርያት፥ የሚድኑና የሚኰነኑ ነፍሳት በየቅስቱ ውስጥ ተሰልፈዋል። ከበሩ በላይ ካሉት አንዱ ደግሞ በፈረስ የሚዋጉ ሰዎችን ጦርነት ያሳያል። ቅዱስ ጊዮርጊስና ካባውን ከለማኝ ጋር የተካፈለው ቅዱስ ማርቲንም በፈረስ ተቀምጠው በዚያው ግንብ ላይ አሉ። ማንበብ ለማያውቀው ሕዝብ ያ ግንብ መጽሐፍ ነበር፤ ዐይን ከአንዱ ቅስት ወደ ሌላው ቅስት እየተሻገረ ታሪኩን ይገጥማል። የመካከለኛው ዘመን ጠራቢ የካርቱን ሠዓሊ ነበር ማለት ማጋነን ይሆናል፤ የሁለቱ ዐላማ ለየብቻ ነውና። ዐይንን የሚመሩበት መንገድ ግን አንድ ነው።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በብዙ ትንንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ፥ ከእያንዳንዱ ሥር በአማርኛ ቃል እየጻፈ በአንድ ሸራ ላይ የሚስለው የአዲስ አበባ ሠዓሊ፥ ባንድ ዴሲኔ የሚባለውን ቃል ሳይሰማ ያንኑ ሥራ ሲሠራ ኖሯል። ያም ሸራ በብዙ የውጭ አገር ቤቶች ተሰቅሏል፤ ካርቱን ብሎ የጠራው ግን እምብዛም የለም።

ካቴድራሉን «የሃይማኖት ቅርስ» በሚል ሌላ ገጽ፥ ግድግዳዎቹን «የካርቱን ቅርስ» በሚል ሌላ ገጽ የሚያስቀምጥ መምሪያ አንድን ነገር በሁለት ከፍሎ ሁለቱንም ያደኸያል።

ከዚያ ቀጥሎ ወረቀት አለ። ካርቱን ያለ ወረቀት አይኖርም፤ አንጉሌምም ካርቱንን ከማወቋ ከ400 ዓመት በፊት ወረቀትን ታውቅ ነበር። በዙሪያዋ የሚወርዱት ንጹሕ ወንዞች ለወረቀት ወፍጮ የሚመቹ ስለ ነበሩ በ17ኛው መቶ ዓመት የሆላንድ ነጋዴዎች የአንጉሌምን ወረቀት እየገዙ ወደ ብዙ አገር ያደርሱት ነበር። በ1685 ንጉሥ ሉዊ 14ኛ የፕሮቴስታንቶችን መብት በሻረ ጊዜ ከወረቀት ሠሪዎቹ ብዙዎቹ ተሰደዱ፤ ሥራው ግን ከነጭራሹ አልጠፋም። ባልዛክ ከ1837 እስከ 1843 በሦስት ክፍል ያሳተመው «የጠፉ ተስፋዎች» የተባለው ልብ ወለድ አብዛኛው ታሪኩ የሚጀምረውና የሚጨርሰው በዚህች ከተማ ነው። ከባለ ታሪኮቹ አንዱ ዳቪድ ሴሻር የሚባል ድኻ አታሚ ነው። እርሱም ከዕፀዋት ርካሽ ወረቀት ለመሥራት ሲደክም፥ በዕዳ ተይዞ ይታሰራል፤ ድካሙም በመጨረሻ ሀብታሞቹን ተፎካካሪዎቹን ያበለጽጋል። ባልዛክ የከተማይቱን መኳንንት በአምባው ላይ፥ ነጋዴውንና ሠራተኛውን በታች በወንዙ ዳር አስቀምጦ ሁለቱ እንዴት እንደሚናናቁ በዝርዝር ጽፏል። ዛሬም ጎብኚው ከአምባው ወደ ወንዙ ሲወርድ የሚረግጠው ይኸንኑ ቁልቁለት ነው።

በወንዙ ዳር ካሉት የድሮ ፋብሪካዎች አንዱ ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ የሚያስገርም ስም አለው፤ «ለ ኒል» ይባላል፥ ይኸውም ዓባይ ማለት ነው። ጆዜፍ ባርዱ የተባለው ቤት በዚያ የሲጋራ መጠቅለያ ወረቀት ይሠራ ነበር፤ የዓባይንም ስም ለዚያ ስስ ወረቀት መጠሪያ አድርጎ፥ ዝሆን ምልክት ጨምሮ፥ በየአገሩ ሸጠው። ፋብሪካው በ1970 ተዘጋ፤ በ1988 የወረቀት ቤተ መዘክር ሆነ። ወንዝ በዓለም ሲዞር የሚደርስበት አይታወቅም።

ከወረቀቱ ወደ ሲኒማው መሻገር አስቸጋሪ ይመስላል፤ በአንጉሌም ግን ሁለቱ በአንድ ትምህርት ቤት ደጃፍ ይገናኛሉ። ሲልቫን ሾሜና ኒኮላ ድ ክሬሲ ሁለቱም በ1987 ከከተማይቱ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጡ ናቸው። ድ ክሬሲ በካርቱን መጽሐፍ ጸና፤ ሾሜ ወደ ተንቀሳቃሽ ካርቱን ሄዶ በ2003 «የቤልቪል ሦስቱ» በተባለው ፊልም በዓለም ታወቀ። ያ ፊልም ንግግር የሌለበት ለማለት የሚያስደፍር ነው፤ አንዲት አሮጊት የተሰረቀ የልጅ ልጇን ፍለጋ ባሕር ተሻግራ ስትሄድ፥ ታሪኩ በመልክ፥ በእንቅስቃሴና በድምፅ ብቻ ይነገራል። በሥዕል መናገርን በወረቀት ላይ የተማረ ሰው ብቻ የሚደፍረው ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ የተንቀሳቃሽ ካርቱን ትምህርት ቤቶችና የሥራ ክፍሎች በከተማይቱ በዝተዋል።

ከኅዳር 2018 እስከ መጋቢት 2019 ደግሞ አሜሪካዊው ዌስ አንደርሰን «ዘ ፍሬንች ዲስፓች» የተባለውን ፊልም በአንጉሌም መንገዶች አነሣ፤ ፊልሙም በ2021 ታየ። ለሥራው ቦታ የተሠራበት ድሮ ለስላሳ የሱፍ ጨርቅ የሚዳመጥበት የተዘጋ ፋብሪካ ነበር። ከነዋሪዎቹም ብዙዎች በአጃቢነት ተሳተፉ። ነገር ግን በፊልሙ ውስጥ ከተማይቱ አንጉሌም አትባልም፤ «ኤንዊ ሱር ብላዜ» የሚል ስም ተሰጥቷታል፥ ይህም በቀልድ የመሰልቸት ከተማ ማለት ነው። ደረጃዎቹ፥ ጠባብ መንገዶቹና የድንጋይ ግንቦቹ በሌላ ስም ይታያሉ። በፊልሙ መጨረሻ አካባቢ ያለው የማሳደድ ክፍል በድንገት ከፎቶግራፍ ወደ ተሳለ ካርቱን ይለወጣል፤ ይህም ክፍል የተሠራው እዚያው አንጉሌም በሚኖሩ ሠዓሊዎች እጅ ነው። ለከተማይቱ የሚገባው ክብር በዚህ ክፍል ውስጥ አለ፤ መልኳን ያበደረችው በሌላው ክፍል ነው፥ በዚህ ግን ጥበቧን ሰጠች። የፊልም ቀረጻ ቦታዎችን የሚያሳይ መምሪያ «ይህ በር በዚህ ትርኢት ታይቷል» ብሎ ደረጃውንና ካፌውን ሲቈጥር፥ ከበሩ ይልቅ እጁ እንደሚበልጥ ቢያስተውል መልካም ነበር።

እጅ ከተነሣ ስለ እጁ እንጀራ ሳይነገር ማለፍ ነውር ይሆናል። በ2016 የታወጀው፥ በፈረንሳይ አገር ስለ ካርቱን ደራስያን የተደረገው ትልቅ ጥናት እንዳሳየው፥ ከመለሱት ሠዓሊዎችና ደራስያን መካከል 53 ከመቶው በ2014 ያገኙት ገቢ ሕግ ከወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ በታች ነበር፤ ራሳቸውን ባለሙያ ብለው ከቈጠሩት መካከልም 36 ከመቶው ከድህነት ወሰን በታች ይኖሩ ነበር። መጽሐፉ በብዙ ሺሕ ሲሸጥ፥ በዓሉ ሆቴሎቹን ሲሞላ፥ ግድግዳው በስማቸው ሲያምር፥ ሠሪዎቹ እንደ ዳቪድ ሴሻር ነበሩ ማለት ነው። ቅሬታው ለዓመታት ተጠራቅሞ፥ በበዓሉ አስተዳደር ላይ በተነሣው ክርክርም ተባብሶ፥ በ2025 መጨረሻ ብዙ ሠዓሊዎችና አሳታሚዎች አንመጣም አሉ፤ የበዓሉን ታላቅ ሽልማት ቀድሞ የተቀበሉት ሳይቀሩ ከእነርሱ ጋር ቆሙ። በጥር 2026 ሊደረግ የነበረው 53ኛው በዓልም ቀረ። በዚያ ጥር ወር ግድግዳዎቹ እንደ ወትሮው በቦታቸው ነበሩ። የከተማን ቅርስ የሚጽፍ ሰው ከዚህ ነገር የሚማረው ቢኖር፥ በግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል ሳይራብ እንደሚቆም፥ የሣለው ግን እንደማይችል ነው።

አሁን ወደ ባቡር ጣቢያው መመለስ ያስፈልጋል፤ ጎብኚው ከተማይቱን የሚገባው በዚያ ነውና። በጣቢያው ፊት አንድ ሐውልት ቆሟል። ቁመቱ 4 ሜትር ተኩል ሲሆን፥ በ2017 የተተከለው ለሬኔ ጎሲኒ መታሰቢያ ነው። ጎሲኒ በ1977 ያረፈ፥ ከሠዓሊው አልቤር ኡደርዞ ጋር በ1959 አስቴሪክስን የፈጠረ ደራሲ ነበር፤ የአስቴሪክስ ወዳጅ ድንጋይ ተሸካሚው ኦቤሊክስ ስለሚባል፥ ሐውልቱ በኦቤሊስክ ቅርጽ መሠራቱ ጨዋታ ነው። በድንጋዩ ላይ ከድርሰቶቹ የተወሰዱ ቃላት በአረፋ ውስጥ ተቀርጸዋል። ጨዋታውም ያምራል። የአክሱምን ሐውልት ያየ ሰው ግን ይህን ሲያይ ልቡ ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል። 24 ሜትር የሆነው የአክሱም ሐውልት በ1937 በፋሽስት ኢጣሊያ ተዘርፎ ወደ ሮማ ሄደ፤ በ2005 ተመለሰ፥ በ2008 በቦታው ተተከለ። ይህ አስተያየት ከጎሲኒ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ነገር ግን ያ 1937 የተባለው ዓመት በከተማይቱ ሌላ ዳርቻ እንደገና ይመጣል።

በወንዙ ዳር የድሮ የቢራ ፋብሪካ ነበረ፤ በ1990 ማእከል ሆኖ የተከፈተው እርሱ ነው፤ ሠዓሊው ዣን ዢሮ፥ በብዕር ስሙ ሞቢየስ፥ በ2012 ካረፈ በኋላ በስሙ ተጠራ። ከወንዙ ማዶ የድሮ የመጠጥ መጋዘኖች የነበሩት ሕንጻዎች ቤተ መዘክሩ ናቸው። ሁለቱን የሚያገናኘው የእግረኛ ድልድይ የሁጎ ፕራት ድልድይ ይባላል፤ በላዩም የነሐስ ሰው ቆሟል፥ ረጅም፥ የመርከበኛ ቆብ የደፋ፥ ካፖርቱን የለበሰ። ኮርቶ ማልቴዝ ነው። ጎብኚ ሁሉ ከእርሱ ጋር ፎቶግራፍ ይነሣል፤ መምሪያውም ኮርቶ ማልቴዝ በ1967 የተፈጠረ የባሕር መንገደኛ መሆኑን፥ ፈጣሪውም የቬኒስ ልጅ መሆኑን ነግሮ ለማለፍ ይቸኩላል።

የተዘለለው ግን ይህ ነው። ሁጎ ፕራት በ1927 በሪሚኒ ተወልዶ በቬኒስ አደገ። በ1937፥ ዐሥር ዓመት ሲሆነው፥ ከእናቱ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ አባቱ በዚያ በቅኝ አገዛዙ ያገለግል ነበር። ያ ዓመት በአዲስ አበባ የየካቲት 12 እልቂት የተፈጸመበት 1929 ዓ.ም. ነው። ሐውልቱ ከአክሱም ወደ ሮማ በተጓዘበት ዓመት ልጁ ከኢጣሊያ ወደ ኢትዮጵያ ተጓዘ። በወራሪዎቹ ሰፈር አደገ፤ ገና ዐሥራ አራት ዓመት ሲሆነው አባቱ በቅኝ ግዛቱ ፖሊስ አስገባው። በ1941 የፋሽስት ኀይል በወደቀ ጊዜ አባቱ በእንግሊዞች ተማርኮ በሚቀጥለው ዓመት በእስር ሞተ፤ ልጁና እናቱ በድሬዳዋ ካምፕ ተቀመጡ። በዚያም ካምፕ ልጁ ከጠባቂዎቹ የካርቱን መጽሐፍ እየገዛ ያነብ ነበር። በ1943 ወደ ኢጣሊያ ተመለሰ።

እንግዲህ በአውሮፓ የካርቱን ጥበብ ከታላላቆቹ የሚቈጠረው ሰው ከዐሥር እስከ ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ያለውን ዘመን ያሳለፈው በኢትዮጵያ ምድር ነው፤ የመጣውም በእንግድነት ሳይሆን ከወራሪ ወገን ሆኖ ነው። ይህን ሳያውቁ ሥራውን መፍረድ አይቻልም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያሳተመው «ኢትዮጵያውያት» የተባለው የኮርቶ ማልቴዝ መጽሐፍ አራት ታሪኮች አሉት። ዘመናቸው የ1918 ጦርነት ዘመን ነው፤ ቦታቸውም የመን፥ የሶማሌ ጠረፍ፥ የደናክል በረሃና በጀርመን ሥር የነበረው ምሥራቅ አፍሪካ ነው። በውስጣቸው ኩሽ የሚባል የቤኒ ዓምር ተዋጊ አለ። ይህ ሰው በዚያ ዘመን የአውሮፓ ካርቱን አፍሪካዊን እንደሚስለው፥ ጓዝ ተሸካሚና የሚሳቅበት ሆኖ አልተሳለም። ለኮርቶ እኩያው ነው፤ የገዛ ሃይማኖቱ፥ የገዛ ኩራቱና የገዛ ጠላቱ አለው፤ ነጩ ሰው ሲቀልድበት መልስ አያጣም። ከፕራት በፊት ሌሎች የሣሉትን አፍሪካዊ ከዚህ ጋር ያስተያየ ሰው ልዩነቱን በአንድ ገጽ ይረዳዋል።

ነገር ግን ምስጋናው ልክ ይኑረው። ርእሱን አይቶ የኢትዮጵያን ደጋ፥ ገበሬውን፥ ቤተ ክርስቲያኑን፥ አርበኛውን የሚፈልግ አንባቢ ያሰበውን አያገኝም፤ መድረኩ በረሃውና ጠረፉ ነው። ታሪኩንም የሚያየው ሁልጊዜ ነገ በመርከብ የሚሄድ ሰው ዐይን ነው። ምናልባት ልጁ ያየው ያንን ብቻ ይሆናል፤ ካምፕና ባቡር፥ በረሃና ወታደር፥ ከዚያም ባሕር። በበረሃው ሥዕል ላይ ፕራት ብዙውን ቦታ ነጭ ይተወዋል፤ ሁለት ሦስት የጥቁር ቀለም ጠብታ፥ አንድ የአድማስ መስመር፥ ከዚያ ዝምታ። ያንን ምድር ያላየ ሰው ስንፍና ይመስለዋል፤ ከአዋሽ ወደ ድሬዳዋ በቀትር የተጓዘ ሰው ግን ብርሃኑ በእርግጥ ዐይንን እስኪያሳውር ድረስ ነገሩን ሁሉ እንደሚያነጣው ያውቃል።

ይህ ሁሉ በድልድዩ ላይ በሁለት መስመር አይገባም የሚል ቢኖር፥ በአራት መስመር ይገባል። ሠዓሊው በ1937 ከወራሪዎች ልጆች አንዱ ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ እንደ ሄደ፤ በ1941 ኢትዮጵያ ነጻ ስትወጣ እርሱ በድሬዳዋ እንደ ታሰረ፤ በዚያ ካምፕ ካርቱን ማንበብ እንደ ቀጠለ፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላም ያንን በረሃና ኩሽን እንደ ሣለ። አንጉሌም የመንገድ ስሞቿን በአረፋ ውስጥ የጻፈች ከተማ ናትና፥ በድልድዩ መግቢያ አንድ አረፋ ለመጨመር ድንጋይም ቀለምም አያንሳትም።